ፒኤች ሜትሩ ያልቆጠረው

ፍኖተ ሰላም አዲስ የተመደበ የኬሚስትሪ መምህር የኪስ ፒኤች ሜትሩን ኮካ ኮላ ውስጥ ነከረና «2.5 ይላል፤ ታዲያ ቢሬቱ ምን ሊሠራልን ነው ጋሼ?» አለኝ። ሙግታችን ከዚያ ወዲህ አላባራም።

ሜትሩ የሚያነበው ውሃው ውስጥ ተነጥሎ ያለውን ሃይድሮጂን ብቻ ነው፤ ገና ያልተነጠለውን አይቆጥርም። ከገበያ ብርቱካን ገዝተን ጨመቅን። ፒኤቹ 3.7 አካባቢ ስለሆነ በሜትሩ ፍርድ ኮካው ከአሥር እጥፍ በላይ ይበልጠዋል። ከሁለቱም 10 ሚሊ ሊትር ወስደን በ0.1 ኖርማል ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ በቢሬት ስንለካ ግን ኮካው 1 ሚሊ ሊትር ገደማ ጠጥቶ ጠገበ። ብርቱካኑ ከ10 በላይ ጠጣ። ልጁ አላመነም፤ ደገመው።

እኔን የሚያናድደኝ ግን የጋዙ ነገር ነው። ጋዙን ሳያስወጣ የሚለካ ሰው ካርቦኒክ አሲድ ጨምሮ እየቆጠረ ለስላሳ የለካ ይመስለዋል። ጠርሙሱን ነቅንቆ አረፋው ሲረጋ «ወጣ» የሚል አለ። አልወጣም! ማፍላት፣ ማቀዝቀዝ፣ የተነነውን ውሃ መልሶ መሙላት ነው። የጠቋሚው የፊኖልፍታሊን ሮዝ ብቅ ብሎ ከደበዘዘ ገና ጋዝ አለበት።

ሮዙን የሚደብቀውን የኮካን ጥቁረት በከሰል አጣሩት የሚሉም አሉ። ከአገው ምድር በጆንያ የሚመጣው የዲከረንስ ዛፍ ከሰል ከሆነ ዐመዱ ራሱ ቤዝ ነው፤ ቢሬቱ ሳይከፈት አሲዱን ይበላዋል። እኔ በተጣራ ውሃ አሥር እጥፍ አቀጥነዋለሁ። የተጣራ ውሃ ካጣሁ ክረምት ሜዳ ላይ በንጹሕ ባልዲ የያዝኩትን ዝናብ አፍልቼ እጠቀማለሁ፤ የጉድጓድ ውሃ ባይካርቦኔት ስላለው አልነካውም።

ስፕራይትና ሚሪንዳ ሲትሪክ አሲድ ስለሆኑ ብዙ አያነታርኩም። ኮካ ፎስፎሪክ ነው። ፎስፎሪክ ሦስት ሃይድሮጂን ቢኖረውም ፊኖልፍታሊን ሮዝ የሚሆነው ሁለቱ ሲያልቁ ነው። በሦስት አካፍሎ የመጣ ሪፖርት ሳይ ደሜ ይፈላል።

መብራት ሲጠፋ ቢሬት ግድ የለውም። ግራ እጄ ቧንቧዋን ይዞ፣ ቀኜ ፍላስኩን ሲያሽከረክር፣ የስብሰባው ወሬም የቤት ኪራዩም ከጭንቅላቴ ይወጣል። ሌላ ቦታ ትዕግሥት የለኝም፤ ባለቤቴን ጠይቁ። የመጨረሻዎቹን ጠብታዎች የሚያጣድፍ ተማሪ ግን ውጤቱ ትክክል ቢሆን እንኳ ሙሉ ማርክ አልሰጠውም።

ከእነዚያ ተማሪዎች አንዱ ዛሬ ቡሬ ውስጥ የምግብ ዘይት ይመረምራል። ዘይቱን ሞቅ ባለ አልኮል አሟሙቶ፣ ያንኑ ፊኖልፍታሊን ጠብ አድርጎ፣ ነጻውን የስብ አሲድ በቢሬት ይለካል። ፒኤች ሜትር እዚያ ከንቱ ነው፤ ዘይት ውሃ አይደለማ። ማታ ማታ ይደውልና እንከራከራለን። ሮዙ 15 ሴኮንድ ከቆየ ይበቃል ባይ ነው፤ እኔ 30 ሳይሞላ ቁጥር አልጽፍም።