ሐሳብን የሚያፈልቅ ቤት እንዴት ያለ ነው?

ስለ ቤት ውስጥ አሠራር የሚጽፉ ሰዎች አንድ ምክር ደጋግመው ይሰጡናል፤ ይኸውም ሠራተኛው ወይም ተማሪው አዲስ ሐሳብ እንዲያፈልቅ ከተፈለገ ግድግዳው በደማቅ ቀለም ይቀባ፥ ወንበሩ ይለስልስ፥ በየማዕዘኑም አበባ ይቀመጥ የሚል ነው። ምክሩ መጥፎ አይደለም፤ ነገር ግን የሚያስወጣው ገንዘብ ብዙ፥ የሚመልሰው ጥያቄ ጥቂት ነው። በ2007 (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ሁለት ተመራማሪዎች ከፍ ያለ ጣሪያ ሰውን ነገርን ከነገር እንዲያያይዝ፥ ዝቅ ያለውም ዝርዝሩን እንዲመለከት እንደሚገፋፋ በሙከራ ማስረዳታቸው ከቀለሙ ወሬ የተሻለ ቁም ነገር አለበት። ይሁን እንጂ ቤት የሚመዘነው ሰው ሲሠራበት ስለ ሆነ፥ ሁለት የታወቁ ቤቶችን አቅርበን ብንመረምር ይሻላል።

የመጀመሪያው በአሜሪካ አገር በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም ግቢ የነበረው «ሕንፃ 20» ነው። በ1943 በጦርነቱ ጊዜ ለራዳር ምርምር በችኰላ ከእንጨት የተሠራ ባለ ሦስት ፎቅ ቤት ሲሆን፥ ጦርነቱ ሲያልቅ ሊፈርስ ታስቦ እስከ 1998 ድረስ 55 ዓመት ቆመ። ውበት የሚባል ነገር አልነበረውም። በሙቀት ወራት ያፍናል፥ በብርድ ወራት ያንቀጠቅጣል፤ ቧንቧውና የኤሌክትሪኩ ሽቦ ሳይሸፈን ተጋልጦ ይታያል። ሆኖም ጉድለቱ ሀብት ሆነለት። ሽቦ የሚያስፈልገው ሰው እጁን ዘርግቶ ይቀጥላል፤ ግድግዳ የከለከለው ግድግዳውን ያነሣል፤ የሚቈጣው የለም። የፊዚክሱ ሊቅ ጄሮልድ ዛካርያስ የአቶሚክ ሰዓት ሲሠራ መሣሪያው ከቁመቱ የተነሣ በክፍሉ ውስጥ አልቆም ስላለው ሁለት ወለል አስነቀለ። ቤቱ ያማረ እብነ በረድ ቢሆን ኖሮ ለዚህ ፈቃድ ስንት ደብዳቤ መጻፍ፥ ስንት ፊርማስ መጠበቅ ባስፈለገ ነበር!

ደግሞም የተለያዩ ሙያዎች በረጃጅም መተላለፊያዎች ላይ ተደባልቀው ይኖሩበት ነበር። የቋንቋ ሊቃውንቱ ኖአም ቾምስኪና ሞሪስ ሃሌ ቢሯቸው እዚያ ነበር፤ ትንንሽ የባቡር ሐዲድ እየዘረጉ የሚጫወቱ ተማሪዎች ማኅበርም ከዚያው ነበር፤ ከእነዚያም ልጆች መካከል በኮምፒውተር ፕሮግራም ጥበብ ፋና ወጊ የሆኑ ወጥተዋል። እርግጥ ነው፥ በዚያ ቤት የገቡት ሰዎች ቀድሞውንም ብርቱ አእምሮ ያላቸው ስለ ነበሩ ምስጋናውን ሁሉ ለእንጨቱ መስጠት አይገባም። ይህንንም አንብቦ የሚያፈስ ጣሪያ ላለማደስ ምክንያት የሚያገኝ ሹም እንዳይኖር እንሠጋለን።

ሁለተኛው አርክቴክቱ ሉዊስ ካን በካሊፎርኒያ፥ ላ ሆያ በተባለ ቦታ ከውቅያኖሱ ዳር የሠራው የሳልክ ተቋም ነው፤ በ1965 ተሠርቶ አለቀ። ያሠራው የልጅነት ልምሻን ክትባት ያገኘው ዶክተር ዮናስ ሳልክ ሲሆን፥ በኢጣልያ አገር በአሲዚ ገዳም የሰነበተበት ጊዜ አእምሮውን እንደ ከፈተለት ይናገር ነበር። አርክቴክቱንም ሠዓሊውን ፒካሶን ሊጋብዝበት የሚያስችል ቤት ሥራልኝ አለው።

ካን ምን አደረገ? የምርምሩን አዳራሾች 20 ሜትር ያህል ስፋትና 75 ሜትር ያህል ርዝመት ሰጥቶ በመካከላቸው አንድም ዐምድ እንዳይቆም አደረገ፤ በእያንዳንዱ አዳራሽ ላይም ለቧንቧና ለሽቦ ብቻ የሚያገለግል ሌላ ሙሉ ፎቅ ጨመረ። ስለዚህ ተመራማሪው የውስጡን ግድግዳ እንደ ሥራው ጠባይ ሊያዛውር ይችላል። የእንጨቱ ቤት በአጋጣሚ የሰጠውን ነፃነት ካን በኮንክሪት፥ አስቦበትና ለክቶ ሰጠ ማለት ነው። ከአዳራሾቹ ራቅ አድርጎም ዐይናቸው ወደ ባሕሩ የዞረ፥ በእንጨት የተለበጡ 36 ትንንሽ የጥናት ክፍሎች ሠራ። ወደዚያ የሚሄድ ሰው ሥራውንና ባልንጀሮቹን ትቶ ድልድይ መሻገር አለበት። ይህች ድልድይ ከሕንፃው ሁሉ ይበልጥ የምናደንቃት ክፍል ናት።

ነገሩ ለእኛ እንግዳ አይደለም። የቅኔ ተማሪ የሚያድርባትን ጎጆ ራሱ ይሠራታል፤ ቅኔ ሲቈጥር ግን ከሰው ተለይቶ ከዛፍ ሥር ወይም ከጫካ ዳር ይቀመጣል። የቈጠረውንም ለብቻው ይዞት አይቀርም፤ ከመምህሩ ፊት ቀርቦ ባልንጀሮቹ እየሰሙት ይነግራል፥ ይታረማል። በአንድ ቀን ውስጥ ብቸኝነትም ጉባኤም ይሟሉለታል። ትምህርት ቤትና መሥሪያ ቤት የሚያቅዱ ሰዎቻችን የውጭ አገር የቀለም መጽሔት ከማገላበጣቸው በፊት ይህን ቢጠይቁ መልካም ነበር፤ ተማሪው ለብቻው የሚቀመጥበት ጥግ አለውን? መምህሩስ አግዳሚ ወንበሩን አዙሮ ክብ ለማድረግ ይችላልን?

በሳልክ ተቋም ላይ የምንነቅፈው ይህንኑ ጉባኤ ነው። ካን ከአዳራሾቹና ከጥናት ክፍሎቹ ጋር ሦስተኛ ቤት፥ ማለት የመሰብሰቢያና የመወያያ ቤት ነድፎ ነበር፤ ነገር ግን ሳይሠራ በወረቀት ላይ ቀረ። በመካከሉ ያለው አደባባይ ዛፍ የሌለበት ሰፊ የድንጋይ ንጣፍ ሲሆን ቀጭን የውሃ መስመር ወደ ባሕሩ አቅጣጫ ይፈስበታል። ዐይን ሲያየው አይጠግበውም፤ ሰው ቆሞ እንዲከራከር የሚጋብዝ ግን አይመስለንም። በዚህስ ረገድ የሕንፃ 20 ጠባብ መተላለፊያ ይበልጠዋል።

በፈረሰው የእንጨት ቤት ቦታ ላይ አርክቴክቱ ፍራንክ ጌሪ የነደፈው፥ ግድግዳው ያዘነበለና የተጣመመ ውድ ሕንፃ በ2004 ተከፈተ። ሰዎች በመንገዳቸው እንዲገናኙበት ታስቦ የተሠራ ነው፤ ሐሳቡም የሚመሰገን ነው። ይሁን እንጂ በ2007 ተቋሙ ራሱ ሕንፃው ያፈሳል፥ ይሰነጠቃልም ሲል አርክቴክቱንና ሥራ ተቋራጩን ከሰሳቸው። በዚያ ቤት ወለል ለማስነቀል የሚደፍር ተመራማሪ ይገኝ እንደ ሆነ ገና አልሰማንም።