መድፉ የሄደበት መንገድ

ከደብረ ታቦር ወጣ ብላ ያለችውን ጋፋትን የሚያነሣ ሰው ወዲያው የሚያወራው ስለ መድፍ ነው። አፄ ቴዎድሮስ ቫልድማየርን የመሰሉ ሚሲዮናውያንና ሌሎች አውሮፓውያን ባለሙያዎችን ከአገሬው ሠራተኛ ጋር አሰማርተው ሴባስቶፖል የተባለውን ትልቅ መድፍ ያሠሩት እዚያ ነው። እኔ ግን በመንገድ ሥራ ስለኖርኩ ይበልጥ የሚገርመኝ ከዚያ በኋላ የሆነው ነው። 7 ቶን ገደማ የሚመዝነው ይህ መድፍ በ1860 ዓ.ም. ክረምቱ ሲያልፍ ከደብረ ታቦር ተነሣ፤ የጋይንትን ዳገት፣ የደላንታን አፋፍና የበሽሎን ሸለቆ አልፎ መቅደላ ለመድረስ ግማሽ ዓመት ገደማ ፈጀበት። መድፉን የሚጎትተው ሰው ነው፤ መንገዱም ከፊቱ እየተቆረጠ ነበር የሚሄደው። ንጉሡ በገዛ እጃቸው ድንጋይ ያነሡ እንደነበር አብረዋቸው የነበሩ አውሮፓውያን ጽፈዋል። መድፉ ዛሬም መቅደላ አምባ ላይ ተቀምጧል።

በመሐንዲስ ሥራ «ሲኒየር» የሚለው ማዕረግ ዓመት ሲሞላ በደብዳቤ ይመጣል። ሙያው ግን የሚለካው፣ በመድፉ እንዳየነው፣ እቶኑ ገና ሳይነድ «ይህን በየት በኩል እናወጣዋለን?» ብሎ በመጠየቅ ይመስለኛል። ጀማሪ መሐንዲስ የተሰጠውን የውሃ ማሳለፊያ ቱቦ በትክክል ያሰላል፤ ይህም ቀላል ነገር አይደለም። ነባሩ ደግሞ ከስሌቱ ውጭ የቀረውን ይፈልጋል።

እኛ አገር ከስሌት ውጭ የሚቀረው አብዛኛውን ጊዜ ውሃ ነው። ከጉና የሚወርደው ውሃ በርብና በጉማራ አድርጎ ፎገራ ሜዳ ላይ ይተኛል። የፎገራ ጥቁር አፈር ሲርስ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፤ አስፋልቱንም ይዞት ይነሣል፣ ይዞት ይወርዳል። አፈሩን ቆርጦ አውጥቶ በሰሌክት (በተመረጠ የሙሌት አፈር) መተካት ይቻላል፤ ቦዩ ከተደፈነ ግን ያ ሁሉ ወጪ ከንቱ ነው። ስለዚህ ንድፉን ከመፈረሜ በፊት ማሳው ዳር ያሉትን አዛውንት «አባቴ፣ ነሐሴ ላይ ውሃው እስከየት ይወጣል?» ብዬ እጠይቃለሁ። የዝናብ መዝገብ ያልያዘውን እሳቸው በእግራቸው ሄደው ያሳዩኛል።

ከሁሉ የሚከብደው «አይሆንም» ማለት ነው። ሰኔ እየገባ፣ ሮለር ቆሞ፣ ሥራ ተቋራጩ «ዛሬ ካልሞላን ክረምቱ ይቀድመናል» እያለ፣ የሙሌቱ ጥግግት (ዴንሲቲ) ምርመራ ውጤት ካልደረሰ አልፈርምም። ምክንያቱን ለተቋራጩ በአጭሩ፣ አብራኝ ላለችው ወጣት መሐንዲስ ደግሞ በዝርዝር እነግራለሁ፤ ነገ ብቻዋን ስትቆም የምትከራከረው በእኔ ስም ሳይሆን በምክንያቱ ነውና። አሁን አሁን ገበሬዎቹን ቀድማኝ የምትጠይቀው እሷ ናት። በቅርቡም አንዱን ቱቦ ንድፉ ካስቀመጠው ቦታ ወደ ታች ማውረድ እንዳለብን የጎርፉን ምልክት ፎቶ አንሥታ አሳይታኛለች።