አሥር ደቂቃ ለብቻ

«እሺ፣ ጠይቁ ተባልን፤ እጠይቃለሁ። ግን እናትየው አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ እያለች እንዴት ብዬ ልጠይቀው?»

ይህን ያለችኝ ቤቴል ውስጥ በምንሠራበት የፊዚዮቴራፒ ክሊኒክ አዲስ የተቀጠረች ወጣት ባልደረባዬ ናት። ራስን ማጥፋትን ስለ መከላከል በተሰጠ ሥልጠና ተካፍላ በተመለሰች ማግስት ነው። የተሰጣት ወረቀት ላይ የማስጠንቀቂያ ምልክቶቹ፣ የሚጠየቁት ጥያቄዎችና ታካሚው የሚላክበት ቦታ ሁሉ ተዘርዝሯል። ስለ አስታማሚ ግን አንድም መስመር የለበትም። እኔ ደግሞ ለዓመታት የምከራከርበት ጉዳይ ይኸው ስለሆነ፣ ያን ዕለት በቃል የመለስኩላት አልበቃኝም።

ወደ እኛ ብቻውን የሚመጣ ታካሚ የለም ማለት ይቻላል። ከሕንፃ መወጣጫ ላይ ወድቆ ህብለ ሰረሰሩ የተጎዳ የቀን ሠራተኛ፣ ስትሮክ ግራ ጎኑን የያዘው አባወራ፣ በመኪና አደጋ እግሯን ያጣች ልጅ፣ ከዓለም ባንክም ይምጡ ከአንፎ ወይም ከወይራ ሰፈር፣ ዊልቸሩን የሚገፋ፣ ካርዱን የሚይዝ፣ ሒሳቡን የሚከፍል ሰው አብሯቸው አለ። መልስ የሚሰጠውም እሱ ነው። ልጁን «እንዴት አደርክ?» ስትሉት «ደኅና ነው፤ ትናንት ሾርባም ጠጥቶልኛል» የምትለው እናቱ ናት። ራሱ ከመለሰም «ተመስገን» ነው የሚለው። እናቱ ፊት ሌላ ምን ይበል? ጀርባው እንዳይቆስል ሌሊቱን በየሁለት ሰዓቱ እየተነሳች የምታገላብጠው፣ ወርቋን ሸጣ የምታሳክመው እናት እየሰማች «መኖር አልፈልግም» ማለት ለብዙ ልጆች ከጉዳቱ የከፋ ነው።

ቅጽ ይሞላ የሚሉ አሉ። ፒ ኤች ኪው 9 የሚባለው የድብርት መጠይቅ በአማርኛ ተዘጋጅቶ እዚሁ አዲስ አበባ ተፈትሿል፤ ዘጠነኛው ጥያቄም ባለፉት ሁለት ሳምንታት መሞትን ወይም ራስን መጉዳትን አስቦ እንደሆነ ይጠይቃል። ከመጠይቁ ጋር ጠብ የለኝም። ግን መተላለፊያው ላይ ቁጭ ብላችሁ እስክሪብቶውን ማን እንደያዘ ተመልከቱ። ጣቶቹ የማይጨብጡለት ሰው ቅጹን አይሞላም፤ ሚስቱ ትሞላለታለች። ዘጠነኛውን ጥያቄ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ታነብለታለች፤ እሱ ራሱን ይነቀንቃል፤ እሷ «በፍጹም» የሚለው ላይ ምልክት ታደርጋለች። ያ ወረቀት ፋይሉ ውስጥ ይገባና ታካሚው ተጠይቋል ይባላል። እኔ አልተጠየቀም እላለሁ።

የማከብረውና በሙያው የሚቀድመኝ አንድ ባልደረባዬ፣ አስታማሚን አስወጥቶ ታካሚውን ለብቻ መጠየቅ ላይ አይስማማም። በእኛ አገር ሕመም የቤተሰብ ነው፣ እናትን ከልጇ አጠገብ ማስነሳት የውጭ አገር ሥርዓት ነው፣ ያስቀይማል፣ በሚቀጥለው ሳምንት ልጇን ይዛ ላትመጣ ትችላለች ይላል። የመጨረሻው ሥጋቱ እውነት አለው፤ እመለስበታለሁ። «የእኛ ባህል አይደለም» የሚለውን ግን ፈጽሞ አልቀበልም። ንስሐ አባት ሰውን የሚሰማው እናቱን አጠገቡ አስቀምጦ ነው? የኮልፌ ሙስሊም ቤተሰቦችስ ቢሆኑ፣ የጨነቀው ሰው ሸኹን ለብቻ ገብቶ ማማከሩ መቼ እንግዳ ነገር ሆኖባቸው ያውቃል? ሰው የልቡን የሚናገርበት የተከለለ ቦታ ከጥንት ጀምሮ አለን። እዚያ ቦታ ለመቆም ያልተለማመድነው የነጭ ጋዋን ሰዎች ነን።

ደግሞም ጭንቀቱ የሚመነጨው ከቤት ውስጥ ሊሆን ይችላል። ፕሮፌሰር አታላይ ዓለምና ባልደረቦቻቸው በቡታጅራ ከ10,000 በላይ አዋቂዎችን ጠይቀው በ1999 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት፣ ከተጠያቂዎቹ 3.2 በመቶው በሕይወታቸው ራሳቸውን ለማጥፋት ሞክረው ነበር። በብዛት የጠቀሱት ምክንያት የትዳርና የቤተሰብ ግጭት ነው። እንግዲህ ባል በሚስቱ ፊት፣ ምራት በአማቷ ፊት ስትጠየቅ ምን ዓይነት መልስ ነው የምንጠብቀው?

አሠራሬን ልናገር። አስታማሚን በዘዴ ማስወጣት አልወድም። «እስቲ ይህን መድኃኒት ገዝተው ይምጡ» ብሎ መላክ፣ «ካርድ ክፍል ይፈልጉዎታል» ማለት ውሸት ነው፤ እናት ስትመለስ የልጇን ፊት አይታ ነገሩን ታውቀዋለች፤ ባልደረባዬ የሚፈራው ቅያሜ የሚመጣውም ያኔ ነው። የእኔ ደንብ ከመጀመሪያው ቀን ይጀምራል፤ ለሁሉም ታካሚ፣ ለተጨነቀውም ላልተጨነቀውም እኩል ይሠራል። «እማማ፣ እዚህ ቤት ሥርዓት አለን። በእያንዳንዱ ቀጠሮ መጨረሻ ላይ አሥር ደቂቃ ታካሚው ከእኔ ጋር ብቻውን ይሠራል። ከዚያ ደግሞ እርስዎን ለብቻ አነጋግርዎታለሁ፤ እርስዎም ደክመዋልና።» ይኸው ነው። ለሁሉም የሆነ ነገር ማንንም አያስጠረጥርም። በሦስተኛው ቀጠሮ ላይ እናቶች ሳልነግራቸው ነጠላቸውን ሰብስበው ይነሳሉ።

የእናትየዋ ተራ ለይስሙላ አይደለም። እንቅልፍ እንደተወው፣ ስልኩን ለወንድሙ እንደሰጠው፣ ጓደኞቹን አልቀበልም እንዳለ የማውቀው ከእሷ ነው። አንዳንዴም መኖር የከበዳት ራሷ አስታማሚዋ ሆና አገኛታለሁ።

በአሥሩ ደቂቃ ውስጥ እጄ ሥራ አይፈታም። ቁርጭምጭሚቱን እየዘረጋሁ፣ ትከሻውን እያላላሁ ነው የምጠይቀው። ፊት ለፊት ተቀምጠው ዓይን ለዓይን ሲተያዩ የማይወጣ ነገር፣ ሁለታችንም እግሩን እያየን ይወጣል። ከሕመሙ እነሳለሁ፣ ወደ እንቅልፉ እሄዳለሁ፣ ከዚያ በቀጥታ «እንዲህ ዓይነት ጉዳት ከደረሰባቸው ሰዎች ብዙዎቹ መሞትን የሚመኙበት ጊዜ አለ። አንተስ ራስህን ለማጥፋት አስበህ ታውቃለህ?» እላለሁ። ዙሪያውን አልሄድም። መጠየቅ ሐሳቡን ያመጣበታል የሚለው ፍርሃት ዛሬም በየክሊኒኩ አለ፤ በኒውዮርክ ከ2,000 በላይ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ላይ ተሠርቶ በ2005 እ.ኤ.አ. የታተመው ጥናት ግን የተጠየቁት ካልተጠየቁት የበለጠ እንዳልተጨነቁ፣ ሐሳቡም እንዳልባሰባቸው አሳይቷል። ከጠየቅሁ በኋላ ዝም እላለሁ። እጄ ሥራውን ይቀጥላል። ዝምታው ሲረዝም አዲስ ባለሙያዎች የሚሰጉትን ያህል እኔ አልሰጋም፤ ሰውየው እያሰበበት ነው።

ከዓመታት በፊት የማክመው አንድ ወጣት በዚህ ዝምታ መሐል «ለእናቴ ትነግሪያታለሽ?» አለኝ። መልሱ ያ ጥያቄ ነበር። እኔም ከመጀመሪያው የነገርኩትን ደገምኩለት፤ የሚነግረኝን ለሰው አላወራም፣ ለሕይወቱ የሚያሰጋ ነገር ከሰማሁ ግን ብቻዬን አልይዘውም፤ ለማን እንደምንነግርና እንዴት እንደምንነግር አብረን እንወስናለን። ረጅም ጊዜ አሰበና «አንቺ ጀምሪው፣ እኔ እጨርሰዋለሁ» አለ። እናቱን ጠርተናት እንዳለውም ጨረሰው። አስታማሚን አስወጡ የምለው እንድትመለስ ነው። ታካሚው የፈቀደውን ነገር ይዛ፣ ምን እንደምታደርግ አውቃ ስትመለስ ከማንኛችንም የበለጠ ጠባቂ እሷ ናት።

ተመልሳ ስትገባ መጀመሪያ የምታደርገው ግን ማስማል ነው። «እኔ ልሙት በል! ማልልኝ!» ትላለች። እናት ናትና አልፈርድባትም። ባለሙያ ሲያስምል ሳይ ግን እከራከራለሁ። መሐላ ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ ሐሳቡ ሲመጣ ምን እንደሚደረግ አይናገርም፤ እንዲያውም የማለ ሰው ሲብስበት መናገር ያፍራል። የሥነ ልቦና ባለሙያዎቹ ባርባራ ስታንሊና ግሪጎሪ ብራውን ያዘጋጁት የደኅንነት ዕቅድ ለዚያ ሌሊት የሚሆን ነው፤ ጭንቀቱ ሊመጣ ሲል የሚታወቅበት ምልክት፣ ራሱን የሚያረጋጋበት ነገር፣ የሚደውልለት ሰው፣ በቤት ያለው መድኃኒትና ሌላ አደገኛ ነገር በማን እጅ እንደሚቆይ በታካሚው በራሱ አነጋገር ይጻፋል። በአሜሪካ የቀድሞ ወታደሮች ሆስፒታሎች ድንገተኛ ክፍሎች ዕቅዱ ከስልክ ክትትል ጋር ሲሰጥ፣ በቀጣዮቹ ስድስት ወራት ራስን የማጥፋት ሙከራና መሰል ድርጊት በ45 በመቶ ያነሰ እንደነበር በ2018 እ.ኤ.አ. ታትሟል። እኛ ቤት ዕቅዱ የቤት ውስጥ እንቅስቃሴዎቹ በተጻፉበት ወረቀት ጀርባ ላይ ይጻፋል። ያንን ወረቀት ማንም ጎረቤት ቢያየው አያስደነግጥም።

ቤተሰብ የሚደብቅበትን ምክንያትም ማወቅ አለብን። ፍትሐት ይከለከል ይሆን፣ ዕድርተኛው ምን ይላል፣ ፖሊስ ይመጣ ይሆን ይባላል። በዚህ ፍርሃት ሙከራ የነበረው «ወድቆ ነው» ተብሎ ካርድ ላይ ይሰፍራል። እኛም ያን ሰው ስብራቱን ብቻ አክመን እንሸኘዋለን። ቢያንስ የፖሊሱን ሥጋት ማንሳት እንችላለን፤ በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 542 የሚቀጣው ሌላውን የገፋፋውን ወይም የረዳውን ሰው ነው፤ ሞክሮ የተረፈውን አይደለም። ይህን ለቤተሰብ ስነግር ፊታቸው ሲፈታ አያለሁ።

ወደ አማኑኤል የአእምሮ ሆስፒታል ሪፈር ጽፎ መሸኘትን በተመለከተ ብዙ አልልም፤ አንድ ነገር ብቻ። ሚኒባስ ላይ መውጣት ለማይችል ሰው ወረቀት ብቻ መስጠት መላክ አይደለም። ማን ይወስደዋል፣ በምን፣ ስንት ሰዓት፣ እዚያ ማን ይቀበለዋል የሚለው ታካሚው ከክሊኒካችን ሳይወጣ በስልክ ያልቃል። አደጋው የዛሬ ከሆነ ብቻውን አይተውም፤ 907 የቀይ መስቀል አምቡላንስ ይጠራል።

«ይህ የሥነ አእምሮ ሐኪም ሥራ ነው» ለሚሉኝ የፊዚዮቴራፒና የሰው ሠራሽ አካል ባለሙያዎች የምመልሰው ጊዜ ቆጥሬ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በዓመት ከ720,000 በላይ ሰዎች ራሳቸውን በማጥፋት እንደሚሞቱ፣ ከአራቱ ሦስት ያህሉም የሚሞቱት ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገሮች እንደሆነ ይናገራል። የህብለ ሰረሰር ጉዳትና የማይለቅ ሕመም አደጋውን ይጨምራሉ፤ እነዚህን ሰዎች በሳምንት ሁለትና ሦስት ቀን ለወራት የሚያገኛቸው ማነው? በአሜሪካ የዋሽንግተን ግዛት በ2012 እ.ኤ.አ. ራስን ማጥፋትን ስለ መከላከል የሚሰጠውን ሥልጠና በሕግ ግዴታ ሲያደርግ ኦኩፔሽናል ቴራፒስቶችን ከመጀመሪያው አስገብቷል፤ ፊዚዮቴራፒስቶች በኋላ ተጨምረዋል። እኛም ብንሆን ርቀን መሄድ አይኖርብንም። ከእኛ ብዙም የማይርቀው አለርት ሆስፒታል በ1958 ዓ.ም. ሲቋቋም የሥጋ ደዌ የጎዳውን እጅ ቀዶ ጥገና ሲያቀና፣ ያ እጅ እንዲሠራ የሚያለማምደው ፊዚዮቴራፒስት ነበር። እጁ ቀንቶለት የአገሩ ሰው ወደ ማዕዱ ያልመለሰውን ሰው ሐዘን አስቀድሞ የሚሰማው ያ ባለሙያ ነው።

አባቴን ስትሮክ ሲመታው እኔ ተማሪ ነበርኩ፤ አስታማሚውም እኔ። የምታክመው ፊዚዮቴራፒስት አንድ ቀን «እህቴ፣ ትንሽ ውጭ ጠብቂን» ስትለኝ ደሜ ፈላ። እኔ የማላውቀው ምን ነገር አለው ብዬ መተላለፊያው ላይ ቆሜ ተብሰለሰልኩ። ምን እንዳወሩ አልነገረችኝም። አባቴም ዓመታት ቆይቶ፣ በከዘራ መሄድ ከጀመረ በኋላ ነው ያነሳው። «ያን ቀን አንቺ ስትወጪ ነው የተነፈስኩት» አለኝ። እወደዋለሁና ቃሉ አመመኝ፤ አሁንም ያመኛል። ይህን ሙያ የመረጥኩት ሽባ ሲራመድ ለማየት ነበር፤ ያየኋቸውም አሉ፣ ደስታዬ ናቸው። በሙያው ያቆየኝ ግን አባቴ ያን ቀን ያገኘውን ትንፋሽ ለሌላ ሰው መስጠት መቻሌ ነው።

ስለዚህ ለእኛ ዓይነቱ ባለሙያ ሥልጠና የምታዘጋጁ ሁሉ፣ ስለ ምልክቶቹ የሚነገረውን አሳጥሩና ግማሹን ቀን ለበሩ ስጡት። ሠልጣኞቹ ጥንድ ጥንድ ሆነው አስታማሚን በአክብሮት ማስወጣትን፣ ጥያቄውን ጮክ ብሎ መጠየቅን፣ አስታማሚዋን መልሶ ማስገባትን በአፋቸው ይለማመዱ። አልወጣም የምትል እናት ሆኖ የሚጫወት ሰው ካስፈለጋችሁ ጥሩኝ፤ ቀላል እናት አልሆንላቸውም።