የሰባኪው ካርትራይት የትውልድ ሐረግ

ፒተር ካርትራይት (1785–1872 እ.ኤ.አ.) በአሜሪካ ምዕራባዊ ጠረፍ በፈረስ እየዞሩ የሰበኩ የሜቶዲስት ቄስ፣ ለኢሊኖይም ሕግ አውጪ ምክር ቤት ሁለት ጊዜ የተመረጡ ሰው ናቸው። በ1856 ያሳተሙት የሕይወት ታሪካቸው ትውልዳቸውን ለሚመረምሩ ሁሉ ዋና ምንጭ ሆኖ ይጠቀሳል። መጽሐፉ ስለ ስብከትና ስለ ክርክር ሲተርክ እጅግ ለጋስ ነው፤ ስለ ቤተ ሰቡ ግን ቁጥብ ነው። በ1824 ከኬንታኪ ወደ ኢሊኖይ ሲጓዙ፣ ባደሩበት ሰፈር ሌሊት ዛፍ ወድቆ ልጃቸውን እንደ ገደለባቸው በሚናገሩበት ስፍራ ግን የአባት ድምፅ ይሰማል።

ከዘጠኙ ልጆቻቸው ሰባቱ ሴቶች ነበሩ። እንግዲህ ካርትራይት የሚለውን ስም ብቻ ተከትሎ ዘር የሚቆጥር መርማሪ፣ አብዛኛውን ቤት ሳያይ ያልፋል፤ ይህም ቀላል ስሕተት አይመስለኝም። የሴት ልጃቸው ልጅ ኩዊን ሃሪሰን በ1859 በነፍስ ግድያ በተከሰሰ ጊዜ ጠበቃው፣ በ1846 ለኮንግሬስ በተደረገው ምርጫ አያቱን ያሸነፉት አብርሃም ሊንከን ነበሩ። ሽማግሌው ሰባኪ ሟቹ በጣር ላይ ሳለ የተናገረውን የይቅርታ ቃል መሰከሩ፤ የልጅ ልጃቸውም በነጻ ተለቀቀ። ከሦስት ዓመት በፊት የታተመው መጽሐፍ ይህን ሊነግረን አይችልም። የችሎቱ መዝገብ የተገኘውም በ1989 በካሊፎርኒያ፣ ቀድሞ የሃሪሰን ዘር በነበረ ቤት ነው።