ከሸኪ የሚወጣ ቁጥር

ጅማ ዩኒቨርሲቲ ከአሜሪካ ተመራማሪዎች ጋር በ1998 ዓ.ም. የጀመረው የወጣቶች ጥናት ከጅማ ከተማ ሌላ ሰርቦ፣ የቡ እና የደዶ ወረዳዋ ሸኪ የተባሉትን ከተሞች፣ በዙሪያቸው ያሉትን የገጠር ቀበሌዎችም ይዞ ነበር። ከ13 እስከ 17 ዓመት የሆናቸውን ከ2,000 በላይ ወጣቶች ተከታትሏል። እንዲህ ባለ ሥራ ላይ የቆየ መረጃ ሰብሳቢ ሁሉ ዕድሜ መጠየቅ ምን ያህል እንደሚያደክም ያውቃል። የልደት ወረቀት የለም። እናትየዋ «እንጃ፣ አሥራ አምስት ይሆነዋል» ትላለች። ያኔ በሌላ በኩል መግባት ነው፦ ደርግ ሲወድቅ ተወልዶ ነበር? ይድህ ነበር ወይስ ቆሞ ይሄድ ነበር? ታላቁን በስንት ክረምት ይከተላል? ከዚያ ሁሉ ጨዋታ በኋላ ቅጹ ላይ የሚሰፍረው አንድ ቁጥር ነው።

ዳታ ማጋራት ሲባል ሰንጠረዡን መላክ የሚመስለን ብዙዎች ነን። እኔ ግን ሥራው የሚጀመረው እዚያው ደጃፍ ላይ ነው ባይ ነኝ። ዕድሜው ከወረቀት ተገለበጠ ወይስ ተገመተ? ይህ ካልተመዘገበ ፋይሉን ከዓመታት በኋላ የሚከፍተው ሰው ግምቱን ከእርግጡ የሚለይበት መንገድ የለውም።

የዘመን አቆጣጠራችንም ሌላ ጣጣ አለው። የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ዳታ ላስፈቀደ ተመራማሪ በነፃ ሲሰጥ ኖሯል። እ.ኤ.አ. የ2016ቱን የከፈተ የውጭ ሰው ግን ዓመቱን 2008 ሆኖ ያገኘዋል፤ ቀኑ የገባው በእኛ አቆጣጠር ነዋ! 92 ወር መደመር አለበት። ይህን የሚነግረው ማብራሪያ ባይኖር ዳታውን ከዝናብ ወይም ከገበያ ዋጋ ጋር ሊያገናኝ ሲል ስምንት ዓመት ገደማ ይስታል።

በዚሁ ጥናት የመንደሮቹ መገኛ ሆን ተብሎ ይዛባል፤ በገጠር በአብዛኛው እስከ 5 ኪሎ ሜትር። ደዶን ለሚያውቅ ምክንያቱ ግልጽ ነው። በአንድ ቀበሌ መንታ የወለደች መምህርት አንዲት ብቻ ልትሆን ትችላለች፤ ስሟን መሰረዝ ብቻውን አይሸሽጋትም። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅም የሰውን የግል መረጃ በጥንቃቄ መያዝን ግዴታ አድርጎታል።

ጥንቃቄውን ሰበብ አድርጎ ዳታን መሳቢያ ውስጥ መቆለፍ ግን ያንገበግበኛል። ያቺ እናት ቡና ለቀማዋን አቋርጣ፣ በርጩማ አቅርባ ያላትን ሁሉ ነግራናለች። የነገረችን ስለተቆለፈ በሚቀጥለው ዓመት ሌላ ተማሪ ያንኑ መጠይቅ ይዞ ደጇ ይቆማል፤ እሷም ልጇን ከደርግ መውደቅ ጋር እንደገና ታስተያያለች።