የእሳቱ አምላክ የማንን ልጅ ይጠይቃል?

«ጌም ኦፍ ትሮንስ»ን ያያችሁ ሩህሎርን ታውቁታላችሁ፤ ተከታዮቹ «የብርሃን ጌታ» የሚሉት፣ አሜሪካዊው ደራሲ ጆርጅ ማርቲን በልቦለዱ የፈጠረው የእሳት አምላክ ነው። በ2015 (እ.ኤ.አ.) በታየው ሲዝን 5 ዙፋን ፈላጊው ስታኒስ ሠራዊቱ በበረዶ ሲታገድበት፣ በካህኗ በሜሊሳንድር ምክር አንድያ ልጁን ሺሪንን በእሳት ያስቃጥላል። በረዶው ይቀልጣል። ነገር ግን የሠራዊቱ እኩሌታ ይከዳዋል፤ እናቷ ራሷን ታጠፋለች፤ እርሱም ተሸንፎ ይሞታል።

የታሪኩ ብርታት አምላኩን ኀይል የለሽ አለማድረጉ ነው፤ በስሙ ሙት እንኳ ይነሣል። ኀይል ግን የእውነት ማረጋገጫ አይደለም። የፈርዖን አስማተኞችም በትራቸውን እባብ አድርገው ነበር።

ይህ ፈተና ከእኛም ሩቅ አይደለም። ዝናብ ቀርቶ የቆቦ ሜዳ ማሽላ ሲጠወልግ፣ ከእግዚአብሔር ጋር «ይህን ልስጥህ፣ ያንን ስጠኝ» እያልን መደራደር ይቃጣናል። ስታኒስም የጀመረው በዚሁ ነው፤ የከፈለው ግን በራሱ ሕይወት ሳይሆን በልጁ ነበር።

አምላካችን ልጆችን በእሳት ማቃጠልን ከቶ እንዳላዘዘ በኤርምያስ 7፥31 ተናግሯል። በቀራንዮ የሰጠውም የእኛን ልጅ አይደለም፤ የራሱን ነው። እንግዲህ ስታነቡም ስታዩም ይህን ጠይቁ፦ ዋጋውን የሚከፍለው ማን ነው?