ስርዝ ድልዝና የመሰረዝ መብት፤ ስለ ግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ የቀረበ ትችት

በአገራችን የጽሕፈት ልማድ ስርዝ ድልዝ ያለበት ሰነድ አይታመንም። በውል፣ በኑዛዜ ወይም በቤት ሽያጭ ወረቀት ላይ ጸሓፊው አንድ ቃል ፍቆ እንደ ሆነ፣ የተፋቀው ምን ነበር? ማንስ ፋቀው? የሚል ጥያቄ ወዲያው ይነሣል። በመዝገብ የሰፈረው እንዳለ ይኑር ማለት ለሕዝባችን የእውነት ጠባቂ ሆኖ የቆየ አሳብ ነው። አሁን ግን የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ማንም ሰው ስለ ራሱ የተመዘገበውን ነገር «ይሰረዝልኝ» ብሎ ለመጠየቅ የሚችልበትን መብት ደንግጓል። ትናንት የማጭበርበር ምልክት ይመስል የነበረው መሰረዝ ዛሬ መብት ሆነ ማለት ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ አዋጁን ለማወደስም ለማጣጣልም አይደለም፤ በአዳማና በስምጥ ሸለቆው ከተሞች ኑሮ ላይ አስቀምጦ የሚበቃበትንና የሚጎድልበትን ስፍራ ለመመርመር ነው።

በመጀመሪያ፣ ይህ አሳብ ከባሕር ማዶ ድንገት የመጣ እንግዳ ነው ለሚሉት መልስ መስጠት ይገባል። ፈረንሳዊው ፕሮፌሰር ሬኔ ዳቪድ አርቅቀውት በ1952 ዓ.ም. የታወጀው የፍትሐ ብሔር ሕግ፣ በቁጥር 27 የሰው ፎቶግራፍ ወይም ምስል ያለ ባለቤቱ ፈቃድ በሕዝብ ፊት እንዳይታይ፣ እንዳይባዛና ለሽያጭ እንዳይቀርብ ከልክሏል። በቁጥር 28 ደግሞ ለታወቁ ሰዎች፣ ለሕዝብ ሥራ፣ ለፍርድና ለፖሊስ ጕዳይ፣ እንዲሁም በአደባባይ ለተደረገ ነገር ልዩ ሁኔታዎችን አበጅቷል። በቁጥር 29 መሠረት ባለ ምስሉ ማሳየቱ እንዲቆምለት ለመጠየቅ ይችላል።

ይህ ሕግ በተጻፈበት ዘመን ነገሩ ምን ይመስል እንደ ነበረ እናስብ። በናዝሬት ዋና መንገድ ዳር ያለ ፎቶግራፍ ቤት የአንዲት ሙሽራን ምስል በመስተዋቱ ውስጥ ሰቅሏል እንበል። ሙሽራይቱ ወይም ወንድሟ መጥቶ «አውርድልን» ቢል፣ ባለሱቁ ክፈፉን ያወርዳል፤ እምቢ ቢል ይከሰሳል። ነገሩ በዚህ ያልቃል። ሕጉ እንዲሠራ ያደረጉት ሦስት ነገሮች ናቸው፤ ምስሉ ያለበት ስፍራ ይታወቃል፣ ያዡ ይታወቃል፣ ቅጂውም ጥቂት ነው። የአዲሱን አዋጅ ብርታትና ድካም የምንመዝነው እነዚህን ሦስት ነገሮች ይዘን ነው።

አዋጁን የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ያጸደቀው መጋቢት 26 ቀን 2016 ዓ.ም. ነው። መሠረቱም በ1987 ዓ.ም. በወጣው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 26 የተጻፈው የግል ሕይወት መከበር ነው። አንድ ሰው ስለ ራሱ ምን እንደ ተያዘ የማወቅ፣ የማየት፣ ስሕተት ካለ የማሳረም፣ የመቃወምና የማሰረዝ መብት አለው። ጠባቂ ሆኖ የተሾመው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። ከዚህም በቀር አዋጁ የብሔር ምንጭን፣ ጤናንና እነዚህን የመሳሰሉትን ጥብቅ ጥንቃቄ ከሚያሻቸው ነገሮች ውስጥ መድቧል። ይህ የሚመሰገን ነው። ለብዙ ዓመታት የቀበሌ መታወቂያ ላይ «ብሔር» የሚል መስመር ይጻፍ እንደ ነበረ አንባቢ ያስታውሳል።

ይሁን እንጂ የመጀመሪያው ጉድለት ከስሙ ይጀምራል። «ዳታ» የሚለው ቃል በአዳማ ገበያ ምን ማለት ነው? ወጣቱ «ዳታ አብራ»፣ «ዳታ አልቆብኛል» ሲል የሚናገረው ስለ ስልኩ ኢንተርኔት ነው። ስለዚህ «የግል ዳታ ጥበቃ» ሲባል የሰማ ሰው፣ የከፈለበት ጥቅል እንዳይሰረቅ የወጣ ሕግ ይመስለዋል እንጂ፣ ስሙ፣ ስልክ ቁጥሩና የታመመበት ደዌ የተጻፈበት ወረቀት ጉዳይ መሆኑ አይታየውም። የ1952ቱ ሕግ «ፎቶግራፍ» ሲል ሁሉም ያውቀው ነበር። ከዚህም ሌላ አዋጁ በነጋሪት ጋዜጣ የወጣው በአማርኛና በእንግሊዝኛ ነው፤ በአዳማ፣ በመቂ፣ በባቱና በሻሸመኔ ግን የመንግሥት ጽሕፈት ቤቱ የሥራ ቋንቋ አፋን ኦሮሞ ነው። መብቱን በሚያውቀው ቋንቋ ያላነበበ ሰው ሊጠይቀው አይችልም።

ሁለተኛው ጉድለት ያዡን ይመለከታል። አዋጁ የሚያስበው መረጃ ያዥ ማኅተም ያለው፣ ኀላፊ ያለው፣ አቤቱታ የሚቀበል መሥሪያ ቤት ነው። ባንክ ወይም የቴሌ ድርጅት እንዲህ ሊሆን ይችላል። ዳሩ ግን አዳማ የስብሰባና የማደሪያ ከተማ ናት፤ ከአዲስ አበባ መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ የፍጥነት መንገዱም ከተከፈተላት ወዲህ እንግዳዋ ብዙ ነው። እንግዳ አልጋ ሲይዝ መታወቂያውን ያሳያል፣ ስሙ በመዝገብ ይጻፋል፣ በአንዳንድ ስፍራም መታወቂያው በእንግዳ ተቀባዩ ስልክ ፎቶግራፍ ይነሣል። ይህ መዝገብ ማን የት እንዳደረ፣ ከማን ጋርም እንዳደረ ይናገራል። ትዳር የሚያፈርስ፣ ሰውን ከሥራ የሚያስወጣ ነገር በአንድ ደብተር ውስጥ ተኝቷል። ደብተሩ ሲያልቅ ወዴት ይሄዳል? እንግዳ ተቀባዩ ሥራ ሲለቅ በስልኩ ያለው ፎቶግራፍስ? የቤት ደላላው፣ የሠራተኛ አገናኙ፣ የክሊኒኩ ካርድ ክፍልም እንዲሁ ናቸው። አዋጁ እነዚህን ሁሉ በቃል ይነካ ይሆናል፤ ዳሩ ግን ዋና መሥሪያ ቤቱ አዲስ አበባ የሆነ ባለሥልጣን የእያንዳንዱን አልጋ ቤት ደብተር ለማየት አይበቃም።

ሦስተኛው ጉድለት የቅጂ ጉዳይ ነው። አባቶች «ከአፍ የወጣ አፋፍ» ያሉት ዛሬ በስልክ ለሚተላለፍ ምስል ይበልጥ እውነት ሆኗል። የሰው መታወቂያ ወይም የታማሚ ወረቀት በቴሌግራም ከተላከ በኋላ፣ የመጀመሪያው ላኪ ቢሰርዘውም የተቀባዮቹ ቅጂ በየኪሳቸው ይቀራል። ስለዚህ መሰረዝ እንደ መስተዋቱ ፎቶግራፍ አንድ ሥራ አይደለም። በዚህ ረገድ የአውሮጳን ልምድ መመልከት ይጠቅማል። እ.ኤ.አ. በ1998 በእስፓኝ አንድ ጋዜጣ ስለ አንድ ሰው ዕዳና ስለ ንብረቱ ሐራጅ ማስታወቂያ አትሞ ነበር። ከብዙ ዓመት በኋላ ሰውየው ከሰሰ፤ የአውሮጳ ኅብረት ፍርድ ቤትም እ.ኤ.አ. ግንቦት 13 ቀን 2014 በሰጠው ፍርድ፣ ጉግል በሰውየው ስም ለሚፈልግ ሁሉ ያንን ማስታወቂያ አያቅርብ አለ፤ ጋዜጣው ግን ያተመውን እንዲሰርዝ አልተገደደም። የዚህ ፍርድ ጥበብ ሁለት ነገሮችን መለየቱ ነው፤ መዝገብን ማኖር አንድ ነገር ነው፣ መዝገብን በየቀኑ እየጠሩ በሰው ፊት መዘርጋት ሌላ ነገር ነው።

ይህ ልዩነት ለእኛም ያስፈልጋል። ተቃራኒው ክርክር ቀላል አይደለምና። ሁሉም የፈለገውን ካሰረዘ፣ ጉቦ የበላ ሹም ስሙን ያስፍቃል፣ ዕዳ የካደ ነጋዴ ንጹሕ ይመስላል። ከዚህም በላይ ብዙ ድኻ የሚቸገረው መዝገቡ ስለ ኖረ ሳይሆን ስለ ጠፋ ነው፤ የይዞታ ፋይሉ ያልተገኘለት ሰው መሰረዝን መብት ቢሉት ይሥቃል። እንግዲህ ስርዝ ድልዝን መፍራታችን ሞኝነት አልነበረም። መዝገብ ድኻውን ከጉልበተኛ የሚያድን ጊዜ አለ።

ሆኖም መዝገብ ሰውን የሚያስገድልም ጊዜ አለ። ሰኔ 22 ቀን 2012 ዓ.ም. ድምፃዊ ሃጫሉ ሁንዴሳ ከተገደለ በኋላ ሻሸመኔን ጨምሮ በኦሮሚያ ከተሞች በደረሰው ጥፋት፣ ሰዎች በብሔራቸውና በሃይማኖታቸው ምክንያት እንደ ተጠቁ የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን በ2013 ዓ.ም. ባወጣው ዘገባ ገልጿል። በእንደዚህ ያለ ቀን የሰው ማንነት የተጻፈበት ወረቀት ምን ሊያደርግ እንደሚችል ማብራራት አያሻም። በዚያን ቀን «ይሰረዝልኝ» ብሎ ማመልከቻ የሚጽፍ የለም፤ ቢጽፍም አይደርስለትም።

ስለዚህ የእኛ ፍርድ ይህ ነው፤ የመሰረዝ መብት መልካም ሲሆን፣ ከርሱ የሚቀድመው ግን አለመጻፍ ነው። የዲጂታል መታወቂያ አዋጅ ቁጥር 1284/2015 የወጣለት «ፋይዳ» ስምን፣ የልደት ቀንን፣ ጾታንና አድራሻን ሲመዘግብ ብሔርንና ሃይማኖትን አይጠይቅም። ያልተጻፈ ነገር መሰረዝ አያስፈልገውም። በሌላ በኩል ይኸው ፋይዳ የጣት አሻራንና የዓይን ብሌን ምስልን ይወስዳል፤ ወረቀት ይለወጣል፣ ስልክ ቁጥር ይለወጣል፣ ጣት ግን አይለወጥም፤ ስለ ሆነም የሚያዘው ከሌላው ሁሉ በበለጠ ጥንቃቄ መሆን አለበት።

ለአዳማና ለአካባቢዋ ከተሞች የምናቀርበው አሳብ ሦስት ነው። አንደኛ፣ የእንግዳ መዝገብ ምን እንደሚጻፍበት፣ ስንት ጊዜ እንደሚቆይና ጊዜው ሲያልፍ በማን ፊት እንደሚቃጠል በግልጽ ይደንገግ፤ የመታወቂያ ፎቶግራፍ በሠራተኛ የግል ስልክ ማንሣትም ይከልከል። ሁለተኛ፣ የአዋጁ ፍሬ አሳብ በአፋን ኦሮሞና በተራ አማርኛ ተጽፎ በየእንግዳ መቀበያውና በየካርድ ክፍሉ ይለጠፍ። ሦስተኛ፣ አቤት የሚባልበት አንድ ጠረጴዛ በከተማው ውስጥ ይኑር፤ ከመቂ ወይም ከባቱ አዲስ አበባ ድረስ የሚመላለስ ሰው የትራንስፖርቱ ወጪ ከመብቱ ይበልጥበታልና።

ተማሪዎችም በዚህ ነገር የምንሠራው ሥራ አለ። በከተሞቻችን ምን ዓይነት መዝገብ በማን እጅ እንዳለ ዞሮ ጠይቆ የሚጽፍ ጥናት ያስፈልጋል፤ የሰዎቹን ስም ሳይሆን የመዝገቦቹን ዓይነት ብቻ እየቈጠረ። ሕግ አውጪው ያላየውን ደብተር የሚያየው በዚያ ከተማ የሚኖር ሰው ነው።